ታብሌት ልገዛ ነው፤ የራሱ ገመድ ያለው ይሻላል ወይስ ታይፕ ሲ?

የቢቸና መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቢቸና ነው ያለሁት፣ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ ታብሌት ነበረኝ። የድርጅቱን ስም ልተወው። መጻሕፍትና የቤተ ሙከራ ቪዲዮዎች ጭኜበት ክፍል ይዤው እገባ ነበር። እኛ ጋ የሌለውን ዕቃ ተማሪዎቼ ቢያንስ በዓይናቸው አዩት። ባትሪው እስከ መጨረሻው ደህና ነበር፣ ስክሪኑ አልተጫረም። ችግሩ ገመዱ ነው። ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሌላ ምንም ነገር ላይ የማይገባ። አንገቱ ጋ ተላጠ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ጥቂት ወር ከረመ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ።

ቢቸና ያሉትን ሞባይል ቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ። ሁሉም ጫፉን ገልበጥ አድርገው አይተው ይመልሱልኛል። ደብረ ማርቆስ ለስብሰባ ስሄድ እዚያም ጠየቅሁ፣ የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ መርካቶ ተንከራታ አንድ አገኘችና በመኪና ላከችልኝ። ሳየው ቁርጥ የኔው ነው። ልሰካው ስል ግን አልገባም። ገፋ ላደርገው አሰብኩና ፈርቼ ተውኩት። ይኸው ታብሌቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር። ምንም አልሆነም እኮ፣ ገመድ ብቻ ነው ያጣው።

አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜ ያገለገለ ልገዛ ነው። ሁለት ቀርቦልኛል። አንዱ የአፕል አይፓድ 9ኛ ትውልድ ነው፣ በላይትኒንግ፣ ማለትም በአፕል በራሱ መሰኪያ የሚሞላው። ሌላው ሳምሰንግ ታብ ኤ8፣ ታይፕ ሲ፣ አሁን ብዙ ስልክ ላይ ያለው መሰኪያ። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። አይፓዱ ፍጥነቱ ልቤን ወስዶታል፣ ግን ያን የገመድ ፍለጋ ዳግመኛ አልፈልገውም። ደግሞ ታይፕ ሲ የሆነ ሁሉ አንድ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው? ፍላሽ መሰካትና ፕሮጀክተር ላይ ማሳየትም እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠጋኙ ከማርቆስ፦

እታለም፣ መርካቶ የተገኘው ገመድ የሌላ ድርጅት ነው። ይሄ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠርልሽ። የመጀመሪያው አይፓድ በ2010 ሲወጣ ባለ 30 ፒን፣ ማለት 30 ትንንሽ የብረት መገናኛ ነጥቦች ያሉት፣ ሰፊ መሰኪያ ነበረው። አፕል ያን መሰኪያ ከ2003 ጀምሮ አይፖድ ላይ ሲያደርገው ነው የኖረው። በዚያው በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ጋላክሲ ታብም ባለ 30 ፒን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ግን አንዱ ሌላው ላይ አይገባም፣ የፒኖቹም አደራደር ለየብቻ ነው። ስላልገፋሽው ጥሩ አደረግሽ። ገፍተው ፒን ያጣመሙ ሰዎች መጥተውልኛል፣ ያኔ ነገሩ ከገመድ ያልፍና ሶኬቱን መቀየር ይመጣል።

በዚያ ዘመን ሁሉም የየራሱን ነበር የሚሠራው። የ2011ዱ አሱስ ትራንስፎርመር መሰኪያው ባለ 40 ፒን ነበር፣ ቻርጀሩም 15 ቮልት የሚሰጥ። የሞቶሮላ ዙም ማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ እያለው በዚያ አይሞላም፣ ለቻርጅ ሌላ ቀጭን ክብ መሰኪያ ይፈልጋል። ርካሾቹ የቻይና ታብሌቶችም ብዙዎቹ እንደ ሬዲዮ በክብ መሰኪያ ነበር የሚሞሉት። ያ ቻርጀር ሲጠፋ ሰው ከቤቱ ጫፉ የሚገባለትን ሌላ ይፈልጋል፤ ቮልቱን ሳያይ 9 ወይም 12 ቮልቱን ይሰካበትና ቦርዱን ያቃጥለዋል። ብዙዎቹ ባለ 5 ቮልት ነበር የሚፈልጉት።

ሱቄ መደርደሪያ ላይ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ታብሌቶች አሉ። ግማሾቹ ደህና ናቸው። ገመዳቸው ስለጠፋ ብቻ ነው የሞቱት። ዕቃ ሲበላሽ እጠግናለሁ፣ ያልተበላሸ ዕቃ ግን ምኑን ልጠግነው? ሰው ብሩን አውጥቶ የገዛው ነገር በአንድ ገመድ ምክንያት እንዲህ ሲቀር በጣም ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ የድሮው ገመድ አለሽ? ወይስ ጣልሽው?

ጣና ዳር፦

ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ የአይቲ ሥራ ላይ። ከጠጋኙ ጋር አልጣላም፣ ግን የራስ መሰኪያ የሠራ ሁሉ ሰውን ለመበዝበዝ ነው እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር።

ያኔ መደበኛው መሰኪያ ለታብሌት አልበቃም ነበር። የመጀመሪያው አይፓድ ባትሪ የሚይዘው ኃይል ወደ 25 ዋት ሰዓት ነው። የዚያን ጊዜ አይፎን ወደ 5 ነበር። የኮምፒውተር ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው በደንቡ ግማሽ አምፔር ነው፣ በዚያ ታብሌት ለመሙላት መሞከር የጣናን ውኃ በጣሳ መቅዳት ነው። ለዚህ ነበር አይፓዱን ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው "ቻርጅ እያደረገ አይደለም" የሚለን። ከራሱ ቻርጀር ግን 10 ዋት ያገኛል። በዚያ ላይ ባለ 30 ፒኑ ድምፅም ቪዲዮም ያወጣል። ማይክሮ ዩኤስቢ በራሱ ይህን ሁሉ አይችልም ነበር።

ላይትኒንግም በ2012 ሲመጣ ጥሩ ሥራ ነበር። 8 ፒን ብቻ፣ በየትኛውም ጎን ቢሰካ የሚገባ፣ ጫፉ ድፍን። ታይፕ ሲ ዝርዝሩ የወጣው በ2014 ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2012 ከላይትኒንግ የሚሻል መደበኛ መሰኪያ አልነበረም። ይሄንን ማመን አለብን።

የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አፕል አይፓድ ፕሮን በ2018 ወደ ታይፕ ሲ ቀየረ፣ አይፓድ ኤርን በ2020፣ ሚኒን በ2021። ተማሪና መምህር የሚገዛው ርካሹ አይፓድ ግን እስከ 2022 ቆየ። 9ኛው ትውልድ የመጨረሻው ባለ ላይትኒንግ አይፓድ ነው። አይፎን እንኳን በ2023 ተቀየረ። ከአይፓድ ገዢዎች ግን ብር የሌለው ሰው በመጨረሻ ደረሰው። አውሮፓ ኅብረትም ሕግ አውጥቶ በፈረንጅ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮችና ታብሌቶች በታይፕ ሲ እንዲሞሉ አስገድዷል። እኛ ጋ ሕጉ አይሠራም፣ ግን ፋብሪካው ለኛ ብሎ ለብቻ አይሠራም፣ ስለዚህ ጥቅሙ እኛም ጋ ይደርሳል።

መምህርት፣ ላይትኒንግ እንደ ድሮው ገመድሽ አይጠፋም። ከአይፎን 5 እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉት ሁሉ በዚያው ስለሚሞሉ ባሕር ዳርም ማርቆስም ሞልቷል። ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ስጋት የለብሽም። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው እየሳሳ ይሄዳል።

ከሞጣ ማዶ፦

እህቴ፣ እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። የቤተሰብ መረጃ የምንመዘግበው በታብሌት ነው። እኔ ባለሁበት ቀበሌ የመብራት መስመር የለም።

እኛ ጋ ጥያቄው የፍጥነት አይደለም። ሰኞ ወጥቼ እስክመለስ ታብሌቱ ይበራል ወይስ አይበራም ነው። ጤና ኬላው ላይ ትንሽ ሶላር አለች፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላት። የኔ ገመድ ቢበጠስ የጎረቤቴን ልጅ የስልክ ገመድ እዋሳለሁ። እሱም የኔን ይዋሳል። አንድ ጊዜ ክረምት ላይ ሶላሯ ሦስት ቀን ፀሐይ አጥታ ባዶ ስትሆን በአንድ አርሶ አደር የሬዲዮ ሶላር ሞልቼ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ያን ቀን ገመዴ ልዩ ቢሆን ኖሮ የክትባት መዝገቤ ታብሌቱ ውስጥ ተዘግቶ ይቀር ነበር፣ እናቶቹም በከንቱ ይመላለሱ ነበር። ይህ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን መደበኛ ነው ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የያዝኩት በማይክሮ ዩኤስቢ የሚሞላ ነበር። ማታ በጨለማ ገልብጬ እየሰካሁት ቀዳዳው ላላ፣ በኋላ በድንጋይ ደግፌ ካልያዝኩት አይሞላም ነበር። ሞጣ ወስጄ በአንድ ቀን ቀየሩልኝ። ዕቃው ሱቁ ውስጥ ነበራቸው። እሱ ነው ልዩነቱ።

የዳሞት ልጅ፦

ፍኖተ ሰላም። እኔ አይፓድ 9 አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ደስተኛ ነኝ። ገመድ አልቸገረኝም። የቸገረኝ ፍላሽ ነው። በቀጥታ የሚሰካ የለም። አዳፕተር ገዛሁ፣ ፎርጅዱ አንድ ሳምንት ሠርቶ "ይህ ዕቃ ላይደገፍ ይችላል" ማለት ጀመረ። ኦሪጅናሉን ስገዛ ተስተካከለ፣ ግን ዋጋው ወገብ ይቆርጣል። ታብ ኤ8 ያለው ጓደኛዬ ሁለት አፍ ያለው ፍላሽ ገዝቶ በቀጥታ ይሰካል፣ አለቀ።

ኪቦርድም የምትፈልጊ ከሆነ ተጠንቀቂ። ታይፕ ሲ ያለው ታብሌት ሁሉ ኪቦርዱን በዚያ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ የራሱ ትንንሽ ነጥቦች አሉት፣ የራሱን ኪቦርድ ብቻ ነው በነሱ የሚቀበለው። ብሉቱዝ ኪቦርድ ግዢና ተገላገይ።

የቢቸና መምህርት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ጠጋኙ፣ ገመዱ አለ፣ አልጣልኩትም። ለምን ጠየቁኝ?

ከሞጣ ማዶ ያለሽው እህቴ፣ የጻፍሽው ልቤን ነካው። እኛ ጋም መብራት ሄዶ በፓወር ባንክ የማስተምርበት ቀን አለ።

የፕሮጀክተሩን ነገር የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

ጣና ዳር፦

የፕሮጀክተሩ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ታይፕ ሲ የመሰኪያው ቅርጽ ስም ነው። 24 ፒን አለው፣ በውስጡ ምን እንደሚያልፍ ግን ታብሌቱን የሠራው ነው የሚወስነው። ታብ ኤ8 ላይ ያለው ታይፕ ሲ ውስጡ ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ቻርጅና ፋይል ብቻ። ቪዲዮ አያወጣም። ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ የቪዲዮ ገመድ፣ የሚቀይረውን አዳፕተር ብትገዢለት ፕሮጀክተሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ሻጩም "አዳፕተሩ ደህና ነው" ይልሻል፣ እውነቱንም ነው። የሳምሰንግ ታብ ኤስ6፣ ኤስ7፣ ኤስ8 ቪዲዮ ያወጣሉ። ኤስ6 ላይት ግን አያወጣም፣ ስሙ እንዳያታልልሽ። አይፓድ 10ኛ ትውልድ በታይፕ ሲው ያወጣል።

አይፓድ 9 ደግሞ በላይትኒንግ የራሱ አዳፕተር አለው። ይሠራል። አዳፕተሩ ውስጥ የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፣ ምስሉን ፈትቶ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር። ውድ የሆነው ለዚህም ጭምር ነው። ፎርጅዱን ግን አደራ እንዳትገዢ፣ ብዙዎቹ ቻርጅ ካልተሰካባቸው ጭራሽ አይሠሩም።

ስለዚህ ከሁለቱ ፕሮጀክተር ላይ በገመድ የሚያሳይልሽ በአዳፕተር አይፓዱ ነው። ታይፕ ሲን ደግፌ ሳበቃ ይህን መናገር አልወድም፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። መደበኛ መሰኪያ ይሁን ስንል ሥራውም መደበኛ ይሁን ማለታችን ነበር። አሁን ቅርጹን አንድ አድርገው ሥራውን ለያዩት፣ ሳጥኑ ላይም በግልጽ አይጽፉትም። ገዢው ብሩን ከከፈለ በኋላ ነው የሚያውቀው። ይሄ ያናድዳል።

ጠጋኙ ከማርቆስ፦

ትክክል ብለሃል። እኔም ስለ ቻርጁ አንድ ልጨምር፣ ያገለገለ ለምትገዛ ሰው ይጠቅማታል።

በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ስትሰኪ ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ከመልቀቁ በፊት ወዲያ ማዶ የሚቀበል ዕቃ መኖሩን ያጣራል። መልሱን የምትሰጠው ታብሌቱ ቦርድ ላይ ያለች 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ናት። አንዳንድ ርካሽ ታብሌት ላይ ይህችን ሬዚስተር ጭራሽ አያስገቧትም። ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም፣ እሷ ከሌለች ግን ቻርጀሩ መልስ ያጣና ምንም አይለቅም። ባለቤቱ ቀዳዳው ተበላሽቷል ብሎ ያመጣልኛል። በድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ጀምሮ በታይፕ ሲ በሚያልቀው ገመድ ስሰካው ይሞላል። ሳምሰንግና አይፓድ ላይ ይህ ችግር የለም፣ ስም የሌላቸው ላይ ግን አለ።

ስለዚህ ልትገዢ ስትሄጂ ሁለት ዓይነት ገመድ ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱንም ሰክተሽ ይሙላ። ገልብጠሽም ስኪው፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚሞላ ከሆነ ወይ ፒን ሞቷል ወይ ቆሽሿል። ገመዱን ቀስ አድርገሽ ወዲያ ወዲህ ነካ ነካ አድርጊው፤ ቻርጁ እየተቆራረጠ ከመጣ ቀዳዳው ላልቷል። በባትሪ መብራት ውስጡን እይው። ታይፕ ሲ መሃል ላይ ቀጭን ምላስ አለችው፣ ልጆች ሲታገሉ የምትሰበረው እሷ ናት። ላይትኒንግ ቀዳዳው ውስጥ ምላስ የለም፣ በዚያ በኩል ጠንካራ ነው። ግን የሚያያይዙት ትንንሽ ስፕሪንጎች ያሉት አይፓዱ ውስጥ ነው። ታይፕ ሲ ላይ ስፕሪንጎቹ ያሉት ገመዱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ቶሎ የሚያልቀው ገመዱ ነው፣ ገመድ ደግሞ ይቀየራል። ይህን ያሰበ ሰው ጎበዝ ነው።

ላይትኒንግ አልሞላ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። የኛ አገር አቧራ ከቦርሳ ጥጥ ጋር ተጠቅጥቆ ይደርቅና ገመዱ ጠልቆ አይገባም። አጥፍተሽ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለሽ አውጪው። መርፌ አይሁን።

የድሮው ገመድሽን የጠየቅሁት ለዚህ ነው። የተላጠው አንገቱ ጋ ከሆነ ጫፉ ደህና ነው ማለት ነው። ባለ 30 ፒን ጫፍ ሽፋኑ ይከፈታል። የተበላሸውን ቆርጬ ከሌላ ዩኤስቢ ገመድ አራቱን ሽቦ፣ ቀይ ጥቁር ነጭ አረንጓዴውን፣ እየበየድኩ አያይዘዋለሁ። ነጭና አረንጓዴውን የሚተዉ አሉ፤ ያኔ ታብሌቱ የራሱ ቻርጀር መሆኑን አያውቅምና በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ አንዳንዱም እንቢ ይላል። ይህ ላይትኒንግ ላይ አይቻልም ማለት ይቻላል፣ ጫፉ ውስጥ የራሱ ቺፕ አለ፣ ድፍን ነው።

የቢቸና መምህርት፦

ጋሼ፣ እውነት ይሆናል? እኔ እኮ ተስፋ ቆርጬበት ነበር!

ያለኝን ልንገራችሁ። ትናንት ሄጄ ሁለቱንም አየኋቸው። ታብ ኤ8ን እንዳላችሁት በሁለት ገመድ ሞከርኩት፣ ገልብጬም፣ ይሞላል። የጎረቤቴን ፍላሽ ሰካሁበት፣ መጻሕፍቱን ከፈተ። አይፓዱም ደህና ነው፣ ግን ባትሪው ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ አዳፕተሮቹ ሲደመሩም ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነ።

ታብ ኤ8ን ወሰድኩ። ለፕሮጀክተሩ ቪዲዮዎቹን በፍላሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ገልብጬ ከዚያ አሳያለሁ። ክፍል ውስጥ ዞር ዞር እያልኩ ለማሳየት ታብሌቱ ይበቃኛል። ተማሪዎቼ ከቤታቸው የሚያመጡት የታይፕ ሲ ቻርጀር ይሞላዋል፣ ይህን ሳስብ እፎይ አልኩ።

አሮጌውን ቅዳሜ ማርቆስ ይዤው ልምጣ?

ጠጋኙ ከማርቆስ፦

እንኳን ደስ አለሽ። ይዘሽው ነይ። መርካቶ የተገዛውንም የተሳሳተውን ገመድ ጨምሪ፣ አራቱን ሽቦ ከሱ ነው የምወስደው። አንድ ነገር ብቻ፣ ታብሌቱ ብዙ ጊዜ ባዶውን ስለተቀመጠ ባትሪው በጣም ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ስሰካው ወዲያው ካልበራ እንዳትደነግጪ። ለረጅም ሰዓት ተሰክቶ መቆየት አለበት፣ ስለዚህ ጠዋት ብትመጪ ይሻላል።

ከሞጣ ማዶ፦

ከበራ እዚሁ ጻፉልን። እኔም ጤና ኬላው መሳቢያ ውስጥ ሁለት አሉኝ።